«ተገልጋይ» የተባለው ባለጉዳይ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዐሥራ አምስት ዓመት የቆየ ሰው የሠራውን ሥራ ረስቶ የተቀመጠባቸውን ሥልጠናዎች ስም በቅደም ተከተል ቢያስታውስ አይፈረድበትም። ሁላችንም ቢፒአር እያልን የምንጠራው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሚዛናዊ ውጤት ተኮር ሥርዓት፣ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ ካይዘን፣ ዴሊቨሮሎጂ። እያንዳንዱ ሲመጣ በከበሮ ይመጣል፤ ሲሄድ ግን የሚሸኘው የለም። የቢፒአርን ቀብር የተገኘ፣ ተዝካሩንም የበላ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንድ ቀን ጠዋት ስሙ ከሪፖርቱ ቅጽ ላይ ጠፍቶ በቦታው ሌላ ስም ተተክቶ አገኘነው፤ በቃ።

ሥልጠናን በጅምላ የምጠላ ሰው አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛው አዲስ አሠራር፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው የተሻለ የፋይል አያያዝ ቢማር ማን ይከፋዋል? የሚያታክተው ሥራውን ሳይሆን ስለ ሥራው የሚነገርበትን ቋንቋ የሚያስተምረው ሥልጠና ነው።

በዚህ ያለፈ አንባቢ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ቦታው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ የሆቴል አዳራሽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በመክፈቻ ንግግር ያልቃል። ከሻይ እረፍት በኋላ «ከዚህ ሥልጠና ምን ትጠብቃላችሁ?» ተብሎ በትልቅ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከምሳ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው፣ የልጅ አባት የሆኑ የመምሪያ ኃላፊዎች ተነሥተው እያጨበጨቡ የሕፃናት ጨዋታ ይጫወታሉ። የሚያስቸግር ጥያቄ ከተነሣ አሠልጣኙ «ጥሩ ነጥብ ነው» ይልና ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሌላ ወረቀት ያሰፍረዋል። ያ ወረቀት «የመኪና ማቆሚያ» ይባላል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከዚያ ማቆሚያ የወጣ መኪና የለም። (ስለ ውሎ አበሉ የሚያሾፉ አሉ፤ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያውቅ ግን አያሾፍም።)

በአንዱ እንዲህ ባለ ሥልጠና ላይ በመዝገብ ቤት ያረጁ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ፋይሉ የሚዘገየው የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ስለሚውሉ ነው፤ በሌሉ ጊዜ የሚፈርም ሰው ይወከልልን» አሉ። በሁለት ቀን ውስጥ የሰማሁት ብቸኛው ግልጽ ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር። ወደ መኪና ማቆሚያው ገባ። በማጠቃለያው ሪፖርት ላይ ግን ሌላ ልብስ ለብሶ ተገኘ፤ «በውሳኔ አሰጣጥ ረገድ የሚስተዋሉ ማነቆዎችን ከመፍታት አኳያ በፈጻሚው ዘንድ የአመለካከትና የክህሎት ክፍተት ተስተውሏል» ይላል። ልብ በሉ፤ ኃላፊው ጠፉ፣ ስብሰባው ጠፋ፣ ፊርማውም ጠፋ። የቀረው ጥፋተኛ ፈጻሚው፣ ማለትም ጠያቂዋ ራሳቸው ናቸው። ከወራት በኋላ የሠራተኛ ድልድል ሲደረግ እኒህ ሴት ከነበሩበት ዝቅ ብለው ተመደቡ። ምክንያቱን ቢጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «አመለካከት» የሚል አንድ ቃል ነበር።

የነገሩ አደጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቋንቋው ማስጠላት ለጆሮ ብቻ ቢሆን ችለን እንኖር ነበር። ነገር ግን ከአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤት የመጣው ቃል እኛ ዘንድ ሲደርስ ከግምገማው ቃል ጋር ተጋባ። የመጀመሪያው ችግሩን ባለቤት አልባ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ችግሩን በተናገረው ሰው ላይ ይለጥፈዋል።

የቢፒአርን አመጣጥ ያነበበ ሰው ይበልጥ ይገረማል። ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ሐሳቡን ሲያቀርብ ዋና ምሳሌው የፎርድ ኩባንያ ነበር። ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚያዘጋጁ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ በማዝዳ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ግን 5 ነበሩ። ፎርድ ያደረገው የግዥ ትእዛዝን፣ የዕቃ መረከቢያንና የአቅራቢውን የክፍያ መጠየቂያ ማመሳከሩን አስቀርቶ፣ ዕቃው በትእዛዙ መሠረት መግባቱ ከተረጋገጠ ክፍያው እንዲፈጸም መወሰን ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ደንብ ሻረ። እኛ ዘንድ በአብዛኛው ደንቡ ተቀመጠና ስሙ ተሻረ፤ «መምሪያ» «የሥራ ሂደት» ተባለ፣ «ኃላፊ» «የሂደት ባለቤት» ሆነ። እንደ ንግድ ፈቃድ ባሉ አገልግሎቶች ላይ ምልልሱ በእውነት ማጠሩን አልክድም፤ እዚያ የተሻረ ደንብ ነበርና። ሐመር ራሱ የሰውን ጉዳይ በበቂ እንዳላጤነ እ.ኤ.አ. በ1996 አምኗል። ከሐሳቡ ቀዳሚ አራማጆች አንዱ የነበረው ቶማስ ዴቨንፖርትም ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በጽሑፍ ተችቶታል። ሐመር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያርፍ የእኛ አዳራሾች ገና በእርሱ ቃላት ይሞሉ ነበር።

ካይዘን ከሁሉም ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ቢያንስ አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ ማንም የሚረዳቸው አማርኛ ናቸው። ይሁንና በጃፓን ፋብሪካ የማሻሻያው ሐሳብ ማሽኑ አጠገብ ከቆመው ሠራተኛ ይነሣል። እኛ ግን በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት አቋቁመን፣ ከታች ይመነጫል የተባለውን ከላይ በደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤቶች አወረድነው።

አንድ ቃል ግን ይቆጨኛል። አማርኛ «ባለጉዳይ» የሚል ድንቅ ቃል ነበረው። ሰውየው የጉዳዩ ባለቤት ነው፤ መስኮቱ ጋ የቆመው የራሱን ሊወስድ ነው። የለውጡ ቋንቋ ይህን ትቶ «ተገልጋይ» አለው፣ ማለትም የሚደረግለት፤ አንዳንዴም «ደንበኛ» ይለዋል። ደንበኛ ካልተመቸው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። የቀበሌ መታወቂያ የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሂድ?

አሁን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ አስተርጓሚ አያሻውም። ስለ እርሱም ሥልጠና መሰጠቱ አይቀርም፤ ይሰጥ። በሥልጠናው ላይ ጉዳዩ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ የማን ፊርማ እንደተጠበቀ የሚያሳይ ቅጽ ቢቀርብና ቅጹን የሞላው ራሱ ባለጉዳዩ ቢሆን፣ እኔም አዳማ ድረስ ወርጄ ከምሳ በኋላ አብሬ ለማጨብጨብ ዝግጁ ነኝ፤ ያለ አበልም ቢሆን።