ሊኑክስ ይግባ፤ ሰነዶቻችን ግን ይቅደሙ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፡፡ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ በብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በደንቡ አይጫንም፡፡ በዚህም ምክንያት ገና የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ፣ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስን ቢያስብ አይፈረድበትም፡፡ እኛም እንደግፈዋለን፡፡

ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዐይነት ወሬ ይሰማል፡፡ አንዳንዶች «ሊኑክስ ጫን እንጂ፤ የዊንዶውሱ ሁሉ በዋይን ይሠራል» ይላሉ፡፡ ሌሎች ደግሞ «ተወው ባክህ፤ አማርኛ አይጽፍ፣ ፕሪንተር አያውቅ» ሲሉ ይደመጣሉ፡፡ በእኛ አስተያየት ሁለቱም ጫፍ ይዘዋል፡፡

እንደሚታወቀው ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም «ፋይል ክፈትልኝ፣ መስኮት ዘርጋልኝ» ብሎ የሚጠይቀው ዊንዶውስን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዋይን ይህን ጥያቄ ተቀብሎ ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያቀርባል፡፡ በሌላ አነጋገር አስተርጓሚ ነው፡፡ አስተርጓሚው ቃሉን ሲያውቀው ሥራው ይሰምራል፤ ያልለመደው ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ወይ ይዛባል ወይ ጨርሶ አይነሣም፡፡ ከዚህም ሌላ፣ በፍላሽ የሚዞረውን የዊንዶውስ ቫይረስም ሳያውቅ ሊያስነሣ እንደሚችል ልብ ይሏል፡፡

የመሣሪያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ዋይን ለዊንዶውስ የተሠራውን የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨር አያሠራም፤ መሣሪያውን ማወቅ ያለበት ራሱ ሊኑክስ ነው፡፡ ብዙዎቹ የኤችፒ ፕሪንተሮች ኤችፒሊፕ በተባለው ፕሮግራም ይሠራሉ፡፡ ሆኖም እንደ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉት ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋሉ፡፡ ኩርሙክ ወይም መንጌ ተመድቦ ኔት የጠፋበት መምህር ይህን ፋይል አስቀድሞ በፍላሽ ካልያዘ የፈተና ወረቀቱን በምን ሊያትም ነው? ቨርቹዋልቦክስ ሙሉ ዊንዶውስን በሊኑክስ ውስጥ አስነሥቶ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ መሣሪያም ሊያሳልፍለት ይችላል፡፡ ነገር ግን 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሲስተም ማኖር በአንድ ሰው እንጀራ ሁለት ሰው ማብላት ነው፡፡

ከሁሉ የሚብሰው ጣጣ ግን ፕሪንተሩ አይደለም፤ የአማርኛ ሰነዶቻችን ናቸው፡፡ ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፡፡ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን ያስቀምጡ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፡፡ ዐይን «ሀ» ብሎ ያነባል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው ሌላ ምልክት ነው፡፡ ፎንቱ ሲጠፋ የትምህርት ዕቅዱም የፈተናው ወረቀትም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይሆናል፡፡

«ፎንቱን ሊኑክስ ላይ እንጫን፤ መጻፊያውን በዋይን እናስነሣ» የሚሉ አሉ፡፡ ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይታይ ይሆናል፡፡ ነገር ግን አንድን የአማርኛ ቃል በፍለጋ ማግኘት አይቻልም፡፡ በዋይን ውስጥ የተነሣ የዊንዶውስ መጻፊያም ከዋይን ውጭ ባለው ሊብሬኦፊስ ላይ አይጽፍም፡፡ ስለዚህ ዋይን ለጊዜው መሻገሪያ ይሁን እንጂ መኖሪያ ሊሆን አይገባም፡፡ መፍትሔው አሮጌዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፡፡

ይህም ጥንቃቄ ይጠይቃል፡፡ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀሉበት ሰነድ ሲለወጥ መለወጫው ሁለቱን በፎንታቸው ካልለየ እንግሊዝኛውንም ያበላሸዋል፡፡ ስለሆነም ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ የቀድሞው መልኩ በፒዲኤፍ ይያዝ፤ የተለወጠውም በሰው ዐይን ይታረም፡፡ «ይህን ሁሉ ማን ይሠራል?» የሚሉ መምህራን እንደሚኖሩ እናውቃለን፡፡ ሥራው ለአንድ ሰው ሲበዛ ለአንድ ክፍል ሠልጣኞች ሲከፋፈል ግን ቀላል ነው፤ ለአራሚውም ትምህርት ይሆነዋል፡፡

ለክልላችን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል፡፡ የጠፋ የአማርኛ ጽሑፍ ቅጂው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ይገኝ ይሆናል፡፡ በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ ቋንቋ ተለፍቶበት የተዘጋጀ ማስተማሪያ ግን በአንድ ፎንት ወይም በአንድ ፕሮግራም ታስሮ ቢቀር ከየት ይተካል?

በመሆኑም ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት የሚከተለው ይደረግ እንላለን፡፡ በመጀመሪያ የምንሠራባቸው ፕሮግራሞችና መሣሪያዎች ይመዝገቡ፡፡ ቀጥሎ ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይነሣና ፕሪንተሩ፣ ስካነሩ፣ ዋይፋዩ አንድ በአንድ ይሞከር፡፡ ምትክ ላለው ፕሮግራም ዋይን አያስፈልግም፤ ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ አለ፤ ለተግባር ምርምር በኤስፒኤስኤስ የተቀመጠውንም መረጃ በነፃ የሚገኘው ፒኤስፒፒ ይከፍተዋል፡፡ ምትክ ለሌለው ብቻ ዋይን ይሞከር፤ እሱም ካልሆነ አንድ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ለዚያው ሥራ ይቆይ፡፡ አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ግን ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ሊኑክስም ላይ ኪይማንን ወይም አይባስን የጫነ አማርኛን እንደ ልቡ ይጽፋል፡፡

የለመድነው ዊንዶውስ ዛሬም ስለሚነሣ ጊዜ ያለን ይመስለናል፡፡ ሰነዶቹን መለወጥ የሚቀልለው ግን አሮጌው ፕሮግራምና ፎንቱ ሳሉ ነው፤ ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ አይደለም፡፡ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና፣ እጩ መምህራንም ሆናችሁ አሠልጣኞች በየፍላሻችሁ ያለውን አሮጌ ፋይል ዛሬውኑ ክፈቱና በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ተመልከቱ፡፡