ሐቃችንን በማስረጃ እንጠይቅ



በሂጃቧ ምክንያት ሥራ የተከለከለች እህታችን «አስረጂ» ስትባል ምን ታቀርባለች? ቀጣሪው እውነተኛውን ምክንያት በልቡ ይዞ «ቦታው ተይዟል» ይላታል። ፋይሉም ያለው በእርሱ መሳቢያ ነው።

ከሳሽ ማስረጃ ያቅርብ የሚለው መርህ በሸሪዓችንም የታወቀ ነው፤ አንቃወመውም። የምንለው ሸክሙ ከአቅም በላይ አይሁን ነው።

በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት ሙስሊም ወጣት አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች በተባለ የልብስ መደብር ለመቀጠር አመልክታ በሂጃቧ ምክንያት ቀረች። ድርጅቱ «ለሃይማኖቷ መሆኑን አልነገረችንም» ሲል ተከራከረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2015 በ8 ለ1 ድምፅ ክርክሩን ውድቅ አደረገው፤ ሂጃቧን ላለመፍቀድ ሲል እንዳልቀጠራት ማሳየት ይበቃል አለ። ቃለ መጠይቁን ያደረገችው ሠራተኛ ሂጃቡ የሃይማኖት እንደሚመስላት ለአለቃዋ መንገሯም በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። የአንድ ምስክር ቃል ትንሽ አይደለም።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በሃይማኖቱ ምክንያት ማሰናበትን ይከለክላል። ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦ ሠራተኛው በቂ ምልክት ካሳየ ቀጣሪው ምክንያቱን በሰነድ ያስረዳ።

እስከዚያው ድረስ እኛም የድርሻችንን እንወጣ። የተባልነውን ከነቀኑ እንጻፍ፤ የሰሙትን ስም እንያዝ፤ ምክንያቱን በደብዳቤ እንጠይቅ። የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነውና አንዘግይ። ያየ ወንድም፣ የሰማች እህት ምስክርነታቸውን አይደብቁ።

አላህ ከሐቅ ጋር ያቁመን። አሚን።