የእቴጌ ተዋበች ምርጫ፦ የጦር ዘመን በታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ

ታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ፣ ማለትም ያለፈ ዘመንን መቼቱ አድርጎ የሁለት ሰዎችን ፍቅር የሚተርክ ድርሰት፣ ጦርነትን አዘውትሮ የሚመርጠው ፍቅርን ከሞት አጠገብ አስቀምጦ አንባቢን ለማስለቀስ ነው የሚለው አስተያየት የተለመደ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያን ደጋ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው በቂ ማብራሪያ አይሆንም። በዚህ አገር ጋብቻ ለረጅም ዘመን በወላጆችና በሽማግሌዎች የሚቋጠር የሁለት ቤተሰቦች ውል፣ በመሳፍንቱ ዘንድ ደግሞ የሁለት ጦሮች እርቅ ስለነበረ፣ ሴት የልቧን የምትገልጥበት አጋጣሚ በሰላሙ ጊዜ እምብዛም አልነበረም። ውሉ ፈርሶ አባትና ባል በአንድ ሜዳ ፊት ለፊት ሲሰለፉ ግን የማን ወገን መሆኗ ሳይገለጥ ሊቀር አይችልም፤ የጦር ዘመን ለፍቅር ታሪክ የሚሰጠው ትልቁ ሀብትም ይኸው የመምረጥ ግዴታ ነው።

የዚህ ግዴታ ጥርት ያለ ምሳሌ የሚገኘው የየጁ መሳፍንት መቀመጫ በነበረችው በደብረ ታቦር ነው። ዳግማዊ ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን የሸፈቱትን የቋራውን ካሣ ኃይሉን በዝምድና ለማሰር የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን በ1830ዎቹ መጨረሻ ሲድሩላቸው፣ ሙሽራይቱ የታሰበችው ለልጓምነት ነበር። ልጓሙ ግን አልያዘም፤ ካሣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማታቸውን ድል ሲነሱ፣ ተዋበች ከአባታቸው ቤት ይልቅ ከባላቸው ጎን ጸንተው ቆሙ። ካሣም አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ሚስታቸውን ያከበሩት በቁርባን፣ ይኸውም ባልና ሚስት አብረው ቆርበው እስከ ሞት ላይፋቱ በሚተሳሰሩበት ጋብቻ ነበር። እቴጌይቱ በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱ የንጉሡ ሐዘን በእጅጉ መራር ነበር።

ዜና መዋዕል፣ ማለትም የነገሥታት ታሪክ መዝገብ፣ ማን ዘመተ፣ ማን ተማረከ የሚለውን ሲያቆይ፣ የአይሻል ወሬ በደረሰበት ሌሊት የአንዲት ልጅና ሚስት ልብ ምን እንዳለ አይነግርም። ልቦለድ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ርዕሳቸው ራሱ እንደሚመሰክረው ዓይናቸውን ያሳረፉት በንጉሡ ላይ ነው፤ በጋፋት የተሠራው የሴባስቶፖል መድፍና የንጉሡ የመቅደላ ሞት የስንቱን ደራሲ ብዕር ሲስቡ፣ የተዋበች ምርጫ ግን ዛሬም ራሱን የቻለ ትልቅ ልቦለድ ይገባዋል።

ይህ የፍቅርና የጦርነት መሳሳብ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት ልቦለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በሲጋራ ፓኬት ወረቀቶች ላይ ነበር፤ የራሱን ነገ የማያውቅ እስረኛ ለተቃጠለ አገር የፍቅር ታሪክ ይህን ያህል ከደከመ፣ ጦርነቱን ጌጥ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም፣ ምንም እንኳ የራሱን ዘመን ዘመቻ የሚተርክ ቢሆን፣ ጸጋዬንና ፊያሜታን ያገናኘው ጦርነት በናጣት አሥመራ ውስጥ ነው።

ሆኖም ጦርነት ምርጫን እንደሚሰጥ ሁሉ ይነጥቃልና፣ ይህን ልዩነት የማይጠብቅ ደራሲ ምርኮን ፍቅር ብሎ ያሳምራል፤ ይህም በሟቾቹ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። የንጉሡ ሁለተኛ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ፣ አባታቸው ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሆነው የታሰሩባቸው፣ የአሳሪያቸው ሚስት ሆኑ፤ እዚህ ላይ የተዋበች ዓይነት ምርጫ አልነበረም። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጅ ላለመስጠት መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰውም፣ እቴጌይቱ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ፣ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ አረፉ፤ ሕፃኑም ያለ እናት ወደ ባሕሩ ተወሰደ።