ቡችላው ከበዓሉ በኋላ ይምጣ



የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ በየቤቱ በግና ዶሮ በሚታረድበት በዚህ ሰሞን፣ አጥንቱ እንዳይጣል በማሰብም ሆነ ልጆችን ለማስደሰት ቡችላ የሚያመጡ ቤተሰቦች አይታጡም። ውሻ የግቢ ጠባቂ፣ የቤት ታማኝ ነውና አሳቡን አንነቅፍም። ጊዜው ግን አመቺ አይደለም እንላለን።

ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ሊለይ አይገባም፤ አዲሱን ቤት የሚለምደውም በጸጥታ ነው። በበዓል ግን እንግዳ ይበዛል፣ በሩ ተከፍቶ ይውላል፤ ከዶሮ ወጡ የሚወረወርለት አጥንትም ተሰንጥቆ ጉሮሮውንና አንጀቱን ሊወጋው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ከበዓሉ በኋላ ያለው ነው። በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ ማዕዱ የጾም ሲሆን ሥጋና አጥንት ይጠፋል። ውሻ ግን ጾም አያውቅም። ያን ጊዜ ተርቦ ከደጅ የወጣ ያልተከተበ ውሻ ለእብድ ውሻ በሽታ ይጋለጣል። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ስለዚህ ቡችላው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይምጣ። ማደሪያው አስቀድሞ ይሠራለት፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ በጾም ወራት ምን እንደሚበላም ቤተሰቡ ይምከርበት። እንስሳትን ፈጣሪ ለአዳም በአደራ ሰጥቶታል፤ አደራ ደግሞ በፍስክም በጾምም አደራ ነው።