ስሙን የለወጠ ነጋዴ፤ ኤልሲው የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የመርካቶ አስመጪ ወዳጄ ሁለት ቢዝነስ ካርዶች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «እስቲ ልዩነታቸውን ንገረኝ» አለኝ። ሁለቱም ከጓንዡ የመጡ ናቸው። አድራሻው ያው ነው፤ ስልኩም ያው ነው፤ የሚሸጠው ጨርቅም ያው። የተለወጠው የሰውየው ስምና የድርጅቱ ስም ነው። ወዳጄ ለ7 ዓመት ዕቃ ሲገዛ የኖረው ከዚሁ ሰው ነው። ቻይናዊው በላይ በላዩ ሁለት ትልልቅ ኪሳራ ደረሰበትና ወደ አንድ የፌንግ ሹይ አዋቂ ሄደ። አዋቂውም የተወለደበትን ቀንና ሰዓት ጠይቆ፣ ስሙን ጭረት በጭረት ቆጥሮ፣ «በሽታህ ስምህ ነው» አለው። ሰውየው አመነ፤ ለወጠም። የራሱን ብቻ ሳይሆን የድርጅቱንም ጭምር።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል። ወዳጄ ግን አልሳቀም። ኤልሲው የተከፈተው በአሮጌው ስም ሲሆን ኢንቮይሱ የመጣው በአዲሱ ነበርና ባንኩ «ሰነዱ ልዩነት አለው» ብሎ ያዘበት። ማሻሻያው ተጠይቆ፣ ተፈቅዶ፣ ኮሚሽኑም ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቆሞ ዲመሬጅ ይቆጥር ነበር። ስም መለወጡ ለቻይናዊው ምን እንዳመጣለት እግዜር ይወቅ፤ ለመርካቶው ሰው ያመጣለት ግን የዲመሬጅ ሒሳብ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ፌንግ ሹይ ቃሉ «ነፋስና ውኃ» ማለት ነው። ጥንተ ሥራው ቤቱ ወዴት ይዙር፣ መቃብሩ የት ይሁን የሚለውን መምረጥ ነው። የስም ቆጠራው እንዲያውም ሌላ ሙያ ነው፤ ነገር ግን በሆንግ ኮንግ፣ በሲንጋፖር፣ በማሌዥያና በታይዋን ገበያ አንዱ አዋቂ ሁለቱንም በአንድ ሱቅ ይሸጣል። አሠራሩም ይህን ይመስላል። ደንበኛው የተወለደበትን ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ይናገራል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፊደል ስለሚሰጥ ድምሩ 8 ፊደል ይሆናል። እነዚህ 8 ፊደላት በአምስቱ ባሕርያት፣ ማለትም በእንጨት፣ በእሳት፣ በአፈር፣ በብረትና በውኃ ይደለደላሉ። አንዱ ባሕርይ ከጎደለ ጉድለቱ በስም ይሞላል። እንጨት ለጎደለው ሦስት ዛፍ የተደረደረበት ፊደል ይሰጠዋል፤ ብረት ለጎደለው ደግሞ ብረት በሦስት የተደራረበበት «ሺን» የሚባለው ፊደል አለ። ብረትና ወርቅ በቻይንኛ አንድ ፊደል ናቸውና ይህ «ሺን» በየሱቁ ታፔላ ላይ የሚታየው ያለ ነገር አይደለም።

እኛም ብንሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። ዐውደ ነገሥት ገላጩ ደብተራ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር አስልቶ፣ በ12 ገድፎ፣ የቀረውን ይዞ ኮከቡን ይነግረው የለም እንዴ? ልዩነቱ የእኛው ስሙን ይቆጥራል እንጂ አውጥቶ አይጥለውም። የቻይናው ግን ቆጥሮ ሲያበቃ «አዲስ ስም ልሽጥልህ» ይላል። ንግድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቆጠራው ላይ ትንሽ እንቆይ። አምስቱ ባሕርያት ከ2 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ አስተሳሰብ ነው። የስም ጭረት ቆጥሮ ከ1 እስከ 81 ባለው ሰንጠረዥ ዕድል የሚያወጣው ዘዴ ግን ዛሬ በብዛት በሚሠራበት መልኩ የተቀናበረው በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ያቀናበረውም ኩማዛኪ ኬንኦ የሚባል ጃፓናዊ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) ወደ ቻይናውያን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ደንበኛው «የአባቶቼ ጥበብ» ብሎ የሚከፍልበት ዕቃ ዕድሜው ከአያቱ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ጭረቱስ እንዴት ይቆጠራል? ውኃን የሚያመለክተው የፊደል ምልክት በእጅ ሲጻፍ 3 ጭረት ነው፤ አዋቂዎቹ ግን 4 ብለው ይቆጥሩታል። የሣር ምልክት ሲጻፍ 3 ሆኖ ሲቆጠር 6 ይሆናል። ምክንያቱ ቆጠራው የሚከተለው በ1716 የታተመውን የካንግሺ መዝገበ ቃላት መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ዋናዪቱ ቻይና ከ1956 ጀምሮ ብዙ ፊደላትን አቅልላ ጭረታቸውን ቀንሳለች። ስለዚህ ጓንዡ ውስጥ መታወቂያ ላይ የተጻፈው ስምና አዋቂው የሚቆጥረው ስም በጭረት አይገጥሙም። አንዱ አዋቂ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ከቆጠረ ያው ስም በአንዱ ቤት ባለጸጋ፣ በሌላው ቤት ከሲታ ይሆናል። ሁለት ተቆጣጣሪዎች አንዱን ኩንታል መዝነው የማይገናኝ ኪሎ ቢነግሩን ሚዛኑን እንጠረጥራለን እንጂ ኩንታሉን አንለውጥም።

ይህን ሁሉ ብዬም ስም መለወጥን እንደ እብደት አላየውም። ቻይናዊ ድሮም በአንድ ስም አይኖርም ነበር። የልጅነት ስም፣ ሲያድግ የሚወጣለት ስም፣ ራሱ የሚያወጣው ስም ነበረው፤ ሱን ያት ሰን እንኳ በዕድሜው የያዛቸው ስሞች ብዙ ናቸው። በእኛም ካሳ ቴዎድሮስ ሲሆን፣ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ሲሆን ስሙ ይዞት የመጣው ሥልጣን ነበር። የከሰረ ነጋዴም ስሙን ሲለውጥ የሚገዛው አንድ ነገር አለ፤ ያፈረበትን ስልክ ደግሞ የማንሳት ድፍረት ይገዛል። ከኪሳራ በኋላ አልጋ ላይ የቀረ ነጋዴ ያየ ሰው ይህን አይንቅም። ለዚህ ብቻ ተከፍሎ ከሆነ በበኩሌ ዋጋውን አልከራከርም።

የምከራከረው የአከፋፈሉን ሥርዓት ነው። የመርካቶ ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ዕቃው ሲሸጥ ነው፤ የስም አዋቂው ግን ሒሳቡን የሚቀበለው በቅድሚያ ነው። ገበያው ከቀና ስሙ ሠራ ይባላል። ካልቀና ደግሞ ስሙ ገና አልያዘም፣ ቤቱም መዞር አለበት፣ የሚስትም ስም ይታይ ይባላል። የተሳካለት በየግብዣው ይመሰክራል፤ ያልተሳካለት አፍሮ ዝም ይላል። አክሲዮን ገዝተው ያተረፉትን ብቻ እያዳመጠ ገበያ የሚገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት ደላሎች ያውቁታል።

ሉ ሹን የተባለው ቻይናዊ ደራሲ በ1921 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ውስጥ ሩንቱ የሚባል የገበሬ ልጅ አለ። ሲወለድ ከአምስቱ ባሕርያት አፈር ስለጎደለው አባቱ «አፈር» የሚል ፊደል በስሙ ጨመረለት። ደራሲው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲያገኘው ሩንቱ በልጅ ብዛት፣ በረሃብ፣ በግብር፣ በወታደርና በሽፍታ ተቆራምዶ ነበር። አፈሩ ተሟልቶለታል፤ ግብሩ ግን አልቀረለትም።

ድኻው እንዲህ ከሆነ ባለሀብቱስ? ሆንግ ኮንግ ውስጥ ኒና ዋንግ የምትባል፣ በእስያ ከሴት ሁሉ ባለጸጋ የነበረች ሴት ነበረች። ባሏ በ1990 ታፍኖ ተወሰደና ሳይገኝ ቀረ። ቶኒ ቻን የሚባል የፌንግ ሹይ አዋቂ ቀረባት። በ2005 እና በ2006 በ3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 688 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተቀበለ፤ ድምሩ 2 ቢሊዮን 64 ሚሊዮን ነው። ቁጥሯን ልብ በሉ፤ 8 ለቻይናውያን የሀብት ቁጥር ነውና ክፍያው ራሱ በዕድል ተቆጥሮ የተከፈለ ይመስላል። እርሱ «በፍቅር የተሰጠኝ ነው» ሲል የንብረቱ ተከራካሪዎች ደግሞ የፌንግ ሹይ ክፍያ ነው አሉ። ሴትዮዋ በ2007 ስትሞት ሰውየው ንብረቷን ሁሉ የሚያወርሰው ኑዛዜ ይዞ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ2010 ኑዛዜው ሐሰተኛ ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2013 ደግሞ 12 ዓመት እስራት ፈረደበት። ከዚያ በፊት ሰውየው ክርስቲያን ሆኖ ፌንግ ሹይን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ስሙንም ፒተር አስብሎ ነበር። ፍርዱ በየትኛው ስም እንደሚጻፍ ዳኛው ብዙም የተቸገሩ አይመስለኝም።

የሆንግ ኮንግ ገበያ ከዚህም ጋር አብሮ መኖርን ለምዶታል። ሲኤልኤስኤ የተባለው የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ከ1992 ጀምሮ በቻይና አዲስ ዓመት የገበያውን ዕድል በፌንግ ሹይ የሚተነብይ ጽሑፍ ለደንበኞቹ ሲልክ የኖረው እንደ ቀልድ ነው። አሊባባ በ2019 በዚያው ገበያ አክሲዮኑን ሲያስመዘግብ የያዘው መለያ ቁጥር 9988 ነው። ይህ ማንንም አይጎዳም። ቁጥር ከያዘ በኋላ ስለማይለወጥ ገዢው ማንን እንደገዛ ያውቃል። ስም ግን ሌላ ነው፤ የሚለወጥ ስም ወጪው የሚያርፈው በለዋጩ ላይ ብቻ አይደለም። አበዳሪው፣ ዋሱ፣ ደንበኛው፣ የቤት ካርታ ያዡ ሁሉ ይከፍላሉ።

ይህን ታይዋኖች ተረድተውታል። ሕጋቸው ስሜ አያምርም የሚል ሰው በዕድሜው 3 ጊዜ እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ በወንጀል የሚፈለግን ሰው ግን አያስለውጥም። ልኩ ያስፈለገበትን ደግሞ መጋቢት 2021 አይተውታል። አንድ የሱሺ ምግብ ቤት በስሙ ውስጥ «ሳልመን» የሚለው የዓሣ ስም ላለበት ሰው ከነጓደኞቹ ነጻ ምግብ አቀርባለሁ ቢል ከ300 በላይ ሰዎች መዝገብ ቤት ሄደው ስማቸውን አስለወጡ። ባለሥልጣናቱ «ኧረ ተዉ» ብለው እስኪለምኑ ደረሱ። ያ ቀልድ ከሦስቱ ዕድል አንዱን፣ ሲመለሱበትም ሁለተኛውን ይበላል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ከቻይና ጋር የሚነግድ ሰው ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር እዚያ አገር ስም ቢለወጥም የማይለወጥ ነገር መኖሩ ነው። የዋናዪቱ ቻይና ዜጋ መታወቂያ ቁጥር 18 አሃዝ ነው፤ ስሙን ቢለውጥም ቁጥሩ አብሮት ይኖራል። ድርጅቱም ከ2015 ወዲህ 18 ፊደልና ቁጥር ያለው አንድ መለያ ይሰጠዋል፤ እንደ እኛው ቲን ማለት ነው። በሕግ ስሙ የሚታወቀው በቻይንኛ የተመዘገበው ነው። ፕሮፎርማው ላይ የምናየው የእንግሊዝኛ ስም ባለቤቱ እንደወደደ የሚጽፈው ስለሆነ የትም ቢሮ ሄደው ቢፈልጉት ላያገኙት ይችላሉ። ስሙን የለወጠ ድርጅት የመዝገብ ለውጥ ማስታወቂያ ከመንግሥት ቢሮ ይሰጠዋል፤ ክቡን ቀይ ማኅተሙንም ያስለውጣል። እነዚህን ሁለቱን የማያሳይ «ስም ለወጥሁ» ባይ ስሙን የለወጠው በካርድ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ አደጋም አለ። የአቅራቢን ኢሜይል ሰብረው የሚገቡ ሌቦች የሚጽፉት ደብዳቤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው፤ «ስማችንን ለውጠናል፣ የባንክ ሒሳባችንም ተለውጧል፣ የቀረውን ገንዘብ ወደ አዲሱ ላኩ» ይላል። አቅራቢው እውነትም ስም የሚለውጥ ሰው መሆኑ በታወቀበት ወር ይህ ደብዳቤ ቢመጣ ማን ይጠረጥራል? እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ድሮ በሚያውቁት ስልክ ደውሎ፣ የሰውየውን ድምፅ ሰምቶ፣ የ18ቱን አሃዝ ከአሮጌው ውል ጋር አስተያይቶ ነው ገንዘብ የሚላከው።

ወዳጄ አሁን ከጓንዡው ሰው ጋር አዲስ ውል ተፈራርሟል። የስም ለውጥ ቢኖር ከመጫኑ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ባያሳውቅ የኤልሲ ማሻሻያውንና ዲመሬጁን እርሱ እንዲከፍል የሚል አንቀጽ አስገብቶበታል። ቻይናዊው አንቀጹን ሲያነብ ቅር አላለውም አሉ፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። 30 ቀን የሚለው 28 እንዲሆንለት።