የነጻ ጠበቃ ዋጋ

አበው «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላሉ። በቅሎ በዚያ ዘመን የሰው ክብርና ሀብት ነበረች፤ ጭብጦ ግን ለመንገድ የምትያዝ ትንሽ ስንቅ ናት። ተፈርዶበት የከሰረ ሰው ያዝናል እንጂ ይተኛል፤ ሳይፈረድበት የተነጠቀ ግን፣ የተወሰደችበት ጭብጦም ብትሆን እንቅልፍ ትነሳዋለች። በዚህ ብሂል የማይኮራ ኢትዮጵያዊ አላውቅም፤ እኔም እኮራበታለሁ። ዛሬ ግን ብሂሉ ያላነሳውን ጥያቄ ላነሳ ነው። የጭብጦዋን ክስ ማን ይሟገተው? ለጠበቃውስ ማን ይክፈል? ጭብጦውን የተነጠቀ ሰው ሸጦ ለጠበቃ የሚከፍላት በቅሎ እንደሌለችው የታወቀ ነውና።

ጥያቄው የፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ጠዋት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ፍርድ ቤት ጎራ በሉ። ከአጥሩ ሥር ማመልከቻ ጻፊዎች ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ የጋብቻና የልደት ወረቀቷን በፌስታል የያዘች፣ ለልጆቿ ቀለብ የምትከስስ እናት ቆማለች፤ ከኋላዋ ደመወዙ ተይዞበት ከሥራ የተሰናበተ ዘበኛ፤ ከእሱ ቀጥሎ ከአባቷ ውርስ የተገፋች እኅት። ማመልከቻው በጥቂት ብር ይጻፋል። ክስ ግን በማመልከቻ አያልቅም። መጥሪያ ማድረስ አለ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አለ፤ ምስክር መስማት አለ፤ ይግባኝ አለ፤ ከተፈረደም በኋላ ገና አፈጻጸም አለ። ተከሳሹ ጠበቃ ይዞ ሲመጣ፣ ከሳሿ ፌስታሏን ይዛ ትቆማለች። ዳኛው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ እሷ ያላነሳችውን ክርክር እሱ ሊከራከርላት አይችልም።

ሕጉማ ቃል አላጣም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ደንግጓል። ለወንጀል ተከሳሾች የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ይህንኑ ለመፈጸም ነው። አንቀጽ 37 ደግሞ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የቀለቧ እናት ግን የወንጀል ተከሳሽ አይደለችም፤ ከሳሽ ናት። አንቀጽ 37 በሩን ከፍቶላታል፤ ከበሩ እስከ ችሎቱ አብሯት ለሚሄድ ሰው ግን በጀት አልያዘላትም። ይህ ክፍተት በአብዛኛው የተተወው ለማኅበራት፣ ለዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ድጋፍ ማዕከላትና ለጠበቆች በጎ ፈቃድ ነው። ባጭሩ፣ ለምጽዋት ተትቷል።

ይህ «ምጽዋት» ምን እንደሠራ ለሚዘነጉ አንድ ታሪክ ላስታውስ። በ1980ዎቹ ማብቂያ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ የቆመላት በዚያው ሰሞን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ ራሷን መከላከሏ ታምኖ ነጻ ወጣች። ታሪኳ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም ለዓለም ታየ። ቋንቋችን ለጀግንነቱም ለጥቃቱም አንድ ሥር ያለው ቃል መስጠቱን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ልብ ሳትሉት አልቀራችሁም። ነገሩ በአንዲት ልጅ አላበቃም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ያድነው ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን መሸሸጊያ አፈረሰ። ከዚያ በፊት በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልን የቤት ራስ ከማድረግ ወጣ። ማኅበሩና መሰሎቹ ለሁለቱም ለውጦች ተሟግተዋል። በሕዝብ ጥቅም የሚሟገት ጠበቃ ማለት ይህ ነው፤ የአንዲቱን ምስኪን መዝገብ ይዞ የሺዎችን በር የሚከፍት።

ታዲያ የዚህ ሁሉ ሙግት ገንዘብ ከየት መጣ? አብዛኛው ከውጭ። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ፤ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነትና በፍትሕ ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። በ2002 ዓ.ም. የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የሰብአዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ሒሳብ ታገደ። ቢሮዎች ተዘጉ፤ ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ተሰናበቱ። የምክንያቱ ቃል ያማረ ነበር፤ የአገር ጉዳይ በአገር ገንዘብ ይሠራ ተባለ። እኔም በመርሑ እስማማለሁ። የውጭ ገንዘብ መዘዝ አለው፤ ርእሱን ሰጪው ይመርጣል፤ ፕሮጀክቱ በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ክሱ ግን በሁለት ዓመት አያልቅም። የፕሮጀክቱ መዝጊያ ሪፖርት ሲጻፍ መዝገቡ ገና ይግባኝ ላይ ነው። ነገር ግን «የጎረቤት እሳት አንፈልግም» ያለ ሰው፣ የራሱን ምድጃ ካላነደደ ልጆቹን የሚያሳድረው በብርድ ነው። ያ አዋጅ የውጭውን ብር ከለከለ፤ የአገሩን ብር ግን አልተካም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ፤ ተመስገን አልን። ምንጩ ግን ያው ባሕር ማዶ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለሥልጣኑ የተወሰኑ የመብት ድርጅቶችን አገደ፤ ከወራት በኋላ እገዳውን አነሳ። በዚያው ዓመት ጥር ወር አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በድንገት አቆመች፤ ዓመቱ ሳያልቅም የልማት ተራድኦ ድርጅቷ ተዘጋ። አንድ ጊዜ የራሳችን አዋጅ፣ ሌላ ጊዜ የሰው አገር ፕሬዚዳንት ፊርማ! የምስኪኗ መዝገብ በሁለቱም ጊዜ ጠበቃ አጣ። የፍትሕን ስንቅ በሰው አገልግል ያኖረ አገር፣ አገልግሉ ሲዘጋ የሚያጣው ጠበቃ ብቻ እንዳይመስለው፤ ሕጉን የሚያምንለት ዜጋም ያጣል።

አሁን ወደ ወጣቱ ጠበቃ ልምጣ። አምስት ዓመት ሕግ ተምሯል፤ የመውጫ ፈተና አልፏል፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ፈርሟል። አንድ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በዓመት ውል ይቀጥረዋል። ውሉ የሚታደሰው ለጋሹ ሲያድስ ነው። አብረውት የተመረቁት ባንክ ገብተዋል፤ የኩባንያ ነገረ ፈጅ ሆነዋል፤ የግል ቢሮ ከፍተዋል። እሱ የቤት ኪራይ ሲጨመርበት «አይዞህ፣ ለጽድቅ ነው» እንለዋለን። ጽድቅ ግን ለአከራይ አይከፈልም። እንዲህ ካሉት አንዱ ወዳጄ ነበር። የደሃ ቤት እንዳይሸጥ ሲከራከር ኖሮ፣ ልጅ ሲወልድ ወደ አንድ ባንክ የሕግ ክፍል ገባ። ዛሬ የሚጽፈው የመያዣ ቤቶችን የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። «ከዳን» የሚሉት አሉ። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ የከዳነው እኛ ነን። ሕሊናውን በነጻ እንዲያከራየን ጠይቀን፣ ባልቻለበት ቀን ነው የወቀስነው።

ችግሩ «ነጻ» ከምትለው ቃል ይጀምራል። በአማርኛ «ነጻ» ከባርነት የወጣም ነው፣ ያልተከፈለበትም ነው። ለባለጉዳይዋ ነጻ የሆነ አገልግሎት ከዋጋ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሏል። መንግሥት ካልከፈለ፣ ለጋሽ ካልከፈለ፣ የከፈለው ያ ወጣት ነው፤ በዕድሜው፣ በትዳሩ፣ በጡረታው። ማስተዛዘኛም አለን፤ የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጓል። መልካም ደንብ ነው፤ ነገር ግን እናስላው። 50 ሰዓት ለዓመቱ ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ለቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ ብቻ ይበላዋል። አንድ ከባድ ክርክር በትርፍ ሰዓት አይያዝም። ለሕመምተኞች ሁሉ ሐኪሞች በትርፍ ጊዜያቸው ይድረሱላቸው ብለን ሆስፒታሎቹን እንዘጋለንን? ለፍትሕ ሲሆን ግን ያልነው ይህንኑ ነው።

«አገር ደሃ ናት፣ በጀት ከየት ይምጣ?» የሚል መልስ እንደሚከተል አውቃለሁ። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ በየቀኑ በየፍርድ ቤቱ የዳኝነት ክፍያ ይከፈላል። በሚሊዮን ብር የሚከራከሩት ከሚከፍሉት ላይ ጥቂቱ ክፍል ለደሃው ጠበቃ ፈንድ ይመደብ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር፣ የነጻ አገልግሎት ሰዓቱን መስጠት ለማይችል አባል በምትኩ ወደዚህ ፈንድ እንዲከፍል ይፍቀድ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሕግ፣ በሕዝብ አገልግሎት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ ለከፈለ ምሩቅ ቀሪውን የትምህርት ዕዳ ይሰርዛል፤ እኛም የወጪ መጋራት ዕዳ አለን፣ መሰረዝ ብቻ ነው የጎደለን። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የሕግ ድጋፍ ተቋም አላት፤ ጀማሪ የሕግ ምሩቃንን በደመወዝ ቀጥሮ ለጥብቅና ያሠለጥናል። እዚያ የደሃ ጠበቃነት የሙያ መጀመሪያ ነው፤ እኛ ዘንድ የሙያ መሥዋዕትነት ሆኗል።

ደግሞስ ማዋጣት ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በየወሩ ለእድር የምንከፍል ሕዝብ ነን። ሀብታሙም ደሃውም እኩል ያዋጣል፤ ሞት የመጣበትም ያለ ልመና፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ይወስዳል። የእድር ድንኳን ምጽዋት ነው የሚል የለም፤ መብት ነው። ለመቀበሪያችን ይህን ያህል ካሰብን፣ በሕይወት ሳለን ለምንነጠቃት ጭብጦ ማሰብ እንዴት ያቅተናል?

ለእናንተ ለቃል ወዳጆች የመጨረሻ ቃል አለኝ። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ከዋርካ ሥር ሲሟገቱ ሙግት ራሱ ቅኔ ነበር፤ ነገር ያማረለት ይደነቅ ነበር። ስንጣላ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲሉን የምንቆም ሰዎች ነን። ይህን ሁሉ በጽሑፎቻችን ስናወድስ ኖረናል። ቃል ግን ለቃል አዋቂ ብቻ ከሠራች፣ ያች ፌስታል የያዘች እናት ከክርክሩ ውጪ ናት። አንደበት የሌለው አንደበት ይቆምለት ዘንድ ለአንደበቱ ይከፈለው። ምጽዋት አይባል፤ አገር በ1987 ዓ.ም. ፈርማ ያልከፈለችው ዕዳ ነውና። ያ ዕዳ እስኪከፈል ድረስ ስለ ጭብጦዋ ስንተርት ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ፤ ባለቤቷ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ቆማ ትሰማናለች።