ለተቃጠለ አምፖል ማን ይክፈል?

ወገኖች፣ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ በ230 ኪሎቮልት መስመር ኃይል ሲሻገር ተለክቶ ነው የሚሸጠው። የሱቃችንም መብራት በቆጣሪ ነው፤ ካርዱ ሲያልቅ ይጠፋብናል። ቆጣሪ የሌለው የመንገድ መብራት ግን የሚከፈልበት በስሌት ነው፦ የአምፖሉ ብዛት በዋቱና በሚበራበት ሰዓት ይባዛል።

በእኛ አካባቢ ሌሊቱ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ያህል ነው። ባለ 250 ዋት አንድ አምፖል በሌሊት 3፣ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ስሌቱ ነውር የለውም። ነውሩ መዝገቡ ሳይታደስ ሲቀር ነው። የተቃጠለው አምፖል ካልተሰረዘ እንደበራ ይታሰባል። በ100 ዋት ኤልኢዲ የተተካውም በ250 ከተጻፈ ከእጥፍ በላይ ይከፈልበታል።

«የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤት ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አላችሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ከየት መጣ? ከእኛው ግብርና ኪራይ አይደለም? ጭነት በጨለማ የምናራግፈውስ እኛው አይደለንም?

ስለዚህ ድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ምሰሶዎቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ አምፖሎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ የነጋዴ ተወካይ ባለበት ይቆጠሩ፤ ዝርዝሩም ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ሰሊጥ ሳይመዘን ገንዘብ የሚቆጥር ነጋዴ የለም። ለመብራቱስ ለምን ዝም እንላለን?